ተረቡ አይወጣም

ሥራ የጀመርኩት ለንደን፣ ባተርሲ፣ ከባቡር ድልድይ ሥር በነበረ ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ባቡር ባለፈ ቁጥር ጠረጴዛው ላይ ያለው ብሎን ሁሉ ይንጫጫል። የመጀመሪያውን ቀን ካፖርቴን እንኳ ሳላወልቅ አለቃዬ ማልኮም ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ ቺፕ መዳፌ ላይ አኖረና፣ «ይቺ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው የምታዘው። ፕሮግራሙ አልገባላት ብሏል። አሳጥሪው» አለኝ። ስምሽ ማነው የለ፣ ሻይ ትጠጫለሽ የለ።

እኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ሰፊ ኮምፒውተር ላይ ተንደላቅቄ ነው የመጣሁት። ኮዱን አሳምሬ ጽፌ ወሰድኩለት። አላነበበውም። «ስንት ባይት ሆነ?» ብቻ አለ። ነገርኩት። «ገና ወፍራም ነው» ብሎ መለሰልኝ። ደግሜ ወሰድኩ፤ ደግሞ መለሰኝ። ከቢሮ ስወጣ፣ እዚህ ቤት ወይ እኔ እቀጥናለሁ ወይ ኮዱ ይቀጥናል ብዬ ወጣሁ።

ባይት ለማያውቅ ልንገር። የኮምፒውተር ሜሞሪ የሚለካባት ትንሽ መስፈሪያ ናት፤ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ይይዛል። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ በቢሊዮን የሚቆጠር አለው። የኛ ቺፕ አራት ሺህ ምናምን ነበራት፣ አለቀ። እዚያ ውስጥ ውኃ መቅዳቱ፣ ማሞቁ፣ ማሽከርከሩ፣ በሩ ክፍት ከሆነ ቀጥ ማለቱ፣ ሁሉም መግባት አለበት። ዛሬ ዛሬ «ሜሞሪ ርካሽ ነው» የሚል ሰው ስሰማ አንጀቴ ያርራል። ርካሽ ስለሆነ አይደል እንዴ አንዲት ቁልፍ ስንጫን ቆሞ የሚያስብ አፕ ሠርተው የሚጭኑብን!

ማልኮም በአፉ አይቀልድም። ቀልዱን ኮሜንት ውስጥ ነው የሚጽፈው። ኮሜንት ኮምፒውተሩ የማያነበው፣ ለሰው ብቻ ተብሎ በኮዱ መሀል የሚጻፍ ማስታወሻ ነው። ማሽኑ የሚሽከረከርበትን የኮድ ክፍል ስከፍት «እዚህ የደረስክ ሰው፣ መጀመሪያ ሻይ አፍላ። ይኼ ስሕተት ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ስሕተቱ ከታች ነው» የሚል አገኘሁ። ወደ ታች ወረድኩ። እውነትም ስሕተቱ እዚያ ነበር፤ አጠገቡ «እንኳን ደህና መጣህ» ይላል። ብቻዬን ተንከትክቼ ሳቅኩ። «ጊዜያዊ» የሚባል የኮድ ክፍልም ነበረን፤ ከኔ በፊት የተቀጠረ፣ ከኔም በኋላ የሚቀር። የእንግሊዝን ቀልድ የተማርኩት ከቴሌቪዥን ሳይሆን ከዚህ ነው።

ደግሞ አንድ ልማድ ነበረው። ሥራው አልቆ ቺፑ ውስጥ ጥቂት ባይት ከተረፈ ባዶ አይተውም፤ ቀልድ ይሞላበታል። ማንም የማያየው፣ ማንም የማያነበው ቀልድ። «ለምን?» ስለው «ባዶ ከሚሆን ይናገር» አለኝ። ጁኒየርነቱ ቀርቶ ሲኒየር ስባል የኔም ተራ ደረሰና በአማርኛ መሙላት ጀመርኩ። ምን እንደሚል ሲጠይቀኝ «ስላንተ ነው» አልኩት። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀም። አሁን ለንደን ውስጥ ስንቱ ሰው፣ ማሽኑ ውስጥ የሐበሻ ተረብ እንዳለ ሳያውቅ ካልሲውን ያጥባል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ፊንስበሪ ፓርክ ጣቢያው አጠገብ ካለ የኛ ሰዎች ካፌ እሄድ ነበር። እዚያ ጋሽ ሙሉጌታ አሉ። አገር ቤት የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ፤ እዚህ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጡ። ጥግ ይዘው ቼዝ ይጫወታሉ። ቼዝ በኛ ሰው ዘንድ ዝም ተብሎ የሚጫወቱት ጨዋታ አይደለም። ተጫዋቹ ይተርባል፣ ተመልካቹ ይተርባል፣ ሻይ የምታቀርበው ሳትቀር አንድ ነገር ጣል አድርጋ ታልፋለች። ተጋጣሚያቸው ካመነታ ጋሽ ሙሉጌታ «ፈረሱ እስኪወልድ ነው የምንጠብቀው?» ይላሉ። የእንግሊዞች ክለብም ሄጄ አይቻለሁ። አንዱ ሲያስል ሌላው ይገላምጠዋል። ጨዋታ ነው ወይስ ለቅሶ ቤት?

ኋላ ጋሽ ሙሉጌታ ዳሌያቸውን ታመሙ። የሚኖሩት ስትሪትሃም፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከዚያ ተነስቶ ፊንስበሪ ፓርክ መድረስ ከተማውን ከደቡብ እስከ ሰሜን ማቋረጥ ስለሆነ ካፌው ቀረ። ልጅ የላቸውም፤ ባለቤታቸውም አርፈዋል። ልጠይቃቸው ስሄድ ቴሌቪዥኑን ሲቆጡት አገኘኋቸው። «ምን ላድርግ ሰብልዬ፣ ቀኑን ሙሉ አማርኛ የማወራው ከሱ ጋር ነው። መልስ አይሰጥ!» አሉኝ። እየሳቁ ነው ያሉት።

እኔ የምችለው አንድ ነገር ነው፤ ትንሽ ቦታ ውስጥ ብዙ ነገር ማስገባት። ከቢሮ የተጣለ ቺፕና የተጣለ ስክሪን ለመንኩ። ማልኮም «ቆሻሻ ነው፣ ውሰጂው» አለኝ። ባቡር ላይ እየተቀመጥኩ ቼዝ የሚጫወት ፕሮግራም ጻፍኩ። አራት ኪሎባይት፣ ያው አራት ሺህ ምናምን ባይት፣ ስለሆነ ስሙን «አራት ኪሎ» አልኩት። እንግሊዞቹ ምን ማለት ነው ሲሉኝ «ሰፈር ነው» እላለሁ። ኮዱንም ማንም እንዲያነበው፣ እንዲወስደው፣ እንዳሻው እንዲለውጠው ኢንተርኔት ላይ በነፃ ለቀቅኩት። ኦፕን ሶርስ የሚባለው ይኼ ነው።

ጋሽ ሙሉጌታ ጥቂት ቀን ተጫወቱበትና ዕቃውን በፎጣ ጠቅልለው መለሱልኝ።

«ተበላሸ እንዴ ጋሽዬ?»

«ምን ይበላሻል፣ እያሸነፈኝ!»

«ታዲያ ምን ሆነ?»

«አኩርፏል። ፈረሱን ስበላበት ዝም። ንግሥቴን ሲበላኝ ዝም። እኔ እንዲህ ያለ ሰው ቤቴ አስቀምጬ አላውቅም። ንቆኛል ሰብለ!»

ወይ ጉድ አልኩ በሆዴ። እንግሊዝ ቢሆን ዝም ያለውን ተጋጣሚ ጨዋ ይለው ነበር። እሳቸው ግን እውነታቸውን ነው፤ በኛ ዘንድ ቼዝ ላይ ዝም የሚልህ ሰው ወይ ተቀይሞሃል ወይ ከሰው አልቆጠረህም። ዕቃውን ይዤ ተመለስኩና አፍ ላበጅለት ተቀመጥኩ።

አፍ ማበጀት ደግሞ ቀላል አይደለም። የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ የኛ ፊደል ሦስት ይይዛል። ደግነቱ የፊደሉ ቅርፅ ስክሪኑ ውስጥ በራሱ ቺፕ ላይ ነበር፤ ቃላቱ ግን ከኔው ቺፕ ላይ ነው የሚነሱት። «ቀስ ይበሉ፤ አውቶቡስ አላመለጠዎትም» የሚለውን ሳስገባ አንድ ጥሩ የጨዋታ ስልት ወጣ። «ንግሥትዎን ይሰናበቷት» ስል ሌላ ስልት ወጣ። ፕሮግራሙ እየደከመ፣ ምላሱ እየረዘመ ሄደ።

ሃያት የሥራ ባልደረባዬ ናት። ለንደን ነው የተወለደችው፤ እናቷ የደሴ፣ አባቷ የጅማ ሰው ናቸው። ስትናገርም ኮድ ስትጽፍም ፈጣን ናት። እትዬ ትለኛለች፣ በዚያው ትንፋሽ አንቺ ትለኛለች። ፊደሉን እየለቀመች ተረቦቹን አነበበችና ፊቷን ቋጠረች።

«እትዬ፣ ሲሪየስሊ፣ ለምንድነው በአንቱ የሚናገረው? አንተ ቢል እኮ አንዳንዱ መስመር ያጥርልሻል። ባይት ሴቭ ታደርጊያለሽ።»

«ጋሽ ሙሉጌታን አንተ የሚል ዕቃ እኔ አልሠራም።»

«ግን እየሰደብሻቸው ነው እኮ!»

«አዎ። በአክብሮት።»

ቦታው አልበቃ ሲል የመጨረሻውን ዘዴ ዘየድኩ። ቼዝ የሚጫወት ፕሮግራም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት እንዳይጫወት ዕጣ የሚጥልበት ቁጥር ያስፈልገዋል። ቁጥሮቹን የማስቀምጥበት ቦታ ስላልነበረኝ፣ ራሳቸውን የተረቦቹን ባይቶች እንደ ዕጣ ተጠቀምኩባቸው። ስለዚህ ተረቡ ጌጥ አይደለም። ጨዋታው ቆሞ የሚሄደው በሱ ነው። ለጋሽ ሙሉጌታ ወሰድኩላቸው። ገና ሁለተኛው ተረብ ላይ «ኧረ ባለጌ!» ብለው ወንበራቸውን አስጠጉ።

ኮዱ በነፃ የተለቀቀ ስለሆነ የማላውቀው ሰው ሁሉ ይጎበኘዋል። አንዱ አማርኛውን በሙሉ ሰርዞ «ፋይዳ የሌለውን ጽሑፍ አስወግጃለሁ፤ በተረፈው ቦታ ዕጣውንም ስልቱንም አሻሽያለሁ» ብሎ ላከልኝ። እውነቱን ነው፣ የሱ ይበልጥ ይጫወታል። «ተቀባይነት አላገኘም። ይህ ፕሮግራም የተሠራው እየተናገረ እንዲሸነፍ እንጂ ዝም ብሎ እንዲያሸንፍ አይደለም» ብዬ ዘጋሁበት። እሱም ተናደደና «ይኼ የቼዝ ፕሮግራም ሳይሆን ቼዝ የለበሰ ቀልድ ነው» ብሎ ጻፈ። በጣም ስለወደድኩት የኮዱ የመጀመሪያ ኮሜንት አደረግኩት።

ማልኮም ጡረታ ወጣ፤ ኩባንያው ተሸጠ። በሱ ቦታ ኦሊቨር መጣ። ጥሩ ጫማ ያደርጋል፤ «ሜሞሪ ርካሽ ነው» ማለት ይወዳል። የትንሽ ቺፕ ክፍላችን እንደሚዘጋ፣ እኔም ሃያትም ከሚቀነሱት ውስጥ እንዳለን በትሕትና ነገረን። ቀጥሎ አንዲት ደንበኛ መጣች፤ ሚስ ፓሜላ። ብቻቸውን ለሚኖሩ አዛውንቶች የሚሆን ዕቃ ትሸጣለች፤ ርካሽና ትንሽ መጫወቻ ትፈልጋለች። ኦሊቨር ስለ አራት ኪሎ ሰማና በመስታወት የታጠረ ቢሮው ውስጥ ጠራኝ።

«ሰብለ፣ ይኼማ ተአምር ነው። ደንበኛዋ ከወሰደችው ክፍሉ አይዘጋም። አንቺም ሊድ ኢንጂነር ትሆኛለሽ።»

«ጥሩ።»

«አንድ ነገር ብቻ። ስድቡ ይውጣ። አዛውንት የሚሰድብ ዕቃ መሸጥ አንችልም።»

«ስድብ አይደለም፣ ተረብ ነው። እንዲሁ ከሰረዝከው ደግሞ ጨዋታው ይበላሻል። ዕጣውን የሚጥለው በነዚያ ቃላት ነው።»

ሳቀ። «እናንተ ፕሮግራመሮች!» አለ። «ቀልድ አይደለም» አልኩት። «ገባኝ፣ ገባኝ» እያለ ሳቁን ቀጠለ። ኮሜንቶቼን አስተርጉሞ ስላነበበ ከአፌ የሚወጣው ሁሉ ቀልድ መስሎታል። የኮዱ ፈቃድ ማንም እንዲለውጠው ስለሚፈቅድ ሃያትን ጠርቶ እንድትሰርዘው አዘዛት። የመከልከል መብት አልነበረኝም፣ አልከለከልኩም።

ሃያት ብዙም ሳትቆይ ላፕቶፗን ተሸክማ መጣች። «እትዬ፣ ጀስት ዲሊት ነው ያደረግኩት። ፈረሱን ያወጣዋል፣ ይመልሰዋል። ያወጣዋል፣ ይመልሰዋል። ሌላ ነገር አይጫወትም!» ኦሊቨርም መጥቶ ቆመና አየ። ፈረሱ ወጣ። ፈረሱ ተመለሰ። «ምን ነካው?» አለ። «ነግሬህ ነበር» አልኩት።

ከዚያ «ልታስተካክይው ትችያለሽ? ዝም ብሎ በደንብ እንዲጫወት?» ሲል ጠየቀኝ። «እችላለሁ። ከባድ አይደለም። ግን መጀመሪያ ደንበኛዋ አንድ አዛውንት ሲጫወቱ በዓይኗ ትይ» አልኩት። ተስማማ።

ሦስታችን፣ እኔ፣ ኦሊቨርና ሚስ ፓሜላ፣ ስትሪትሃም ደረጃውን ወጣን። ጋሽ ሙሉጌታ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው ጠበቁን። መጀመሪያ ያንን የጥንቱን፣ አፍ ያልተበጀለትን ፕሮግራም በሌላ ዕቃ ጭኜ ሰጠኋቸው። ለእንግዳ ክብር ብለው ጥቂት ተጫወቱ። ከዚያ በፊቱ ደፉትና «ሰብልዬ፣ ለእንግዶቹ ሻይ አፍይልኝ፤ ይኼ ሰውዬ አኩርፎ ቤቱን አቀዘቀዘብኝ» አሉ።

ተናጋሪውን አመጣሁ። መነጽራቸውን አደረጉና ገና ከማሰባቸው ስክሪኑ «ቀስ ይበሉ፤ አውቶቡስ አላመለጠዎትም» አላቸው። «አውቶቡስ ነድቼ ነው ያረጀሁት፣ አንተ ዋልጌ! ስለ አውቶቡስ ለኔ ታወራለህ?» ብለው ተቀበሉት። እየተጨቃጨቁ ተጫወቱ። ንግሥታቸው ስትበላ ጭናቸውን መቱ፤ ሲሸነፉ ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እያንዳንዱን ለሚስ ፓሜላ ተረጎምኩላት። እሷም ከልቧ ሳቀች፤ አይቻታለሁ።

ታች ስንወርድ ግን «በጣም ደስ ይላል» አለችን። «ሆኖም አንድ ቤተሰብ አባታችን ተሰደቡ ብሎ ቅሬታ ቢያቀርብብንስ? ዝምተኛውን እንወስዳለን።»

«ሰውየው ሲስቁ አየሽ እኮ!» አልኳት።

«አየሁ።»

«ዝምተኛውን በፊቱ ሲደፉትስ አላየሽም?»

«እሱንም አይቻለሁ» አለችና መኪናዋን ከፈተች።

በማግሥቱ ኦሊቨር መስታወት ክፍሉ ውስጥ በድጋሚ አስቀመጠኝ። «ዝምተኛውን ለነሱ ዕቃ አዘጋጂልን። ስምሽ ይኖርበታል፣ ቦታሽም የተጠበቀ ነው። ትችያለሽ ብለሻል።»

«እችላለሁ። አልሠራውም።»

«ሥራሽን እኮ ነው የምታጪው።»

«ሰምቻለሁ። ኮዱ ክፍት ነው፤ ፈቃዱ ለናንተም ይፈቅዳል፣ ወስዳችሁ ሥሩት። እኔ ግን አንድ ሰው ብቻውን የሚኖርበት ቤት ውስጥ የሚያኮርፍ ዕቃ በእጄ አላስገባም።»

ለሃያት «አንቺ ወጣት ነሽ፤ ብትሠሪው አልቀየምሽም» አልኳት። «ኖ ዌይ» አለችኝ፤ ሳትውል ሳታድር ሌላ ቦታ አፕላይ አደረገች፣ አገኘችም። ክፍሉ ተዘጋ። እኔም የብየዳ ብረቴንና ኩባያዬን በከረጢት ይዤ ወጣሁ። ተጸጽተሽ ታውቂያለሽ ወይ ይሉኛል። ኪራይ ሲደርስ ደንግጫለሁ፤ አልዋሽም። አልተጸጸትኩም።

ሥራ ፈት ሆኜ ሳለሁ አራት ኪሎ እግር አወጣ። ዌልስ ያለ ሰው ወስዶ በአገሩ ቋንቋ አስተረበው። እዚሁ ባተርሲ የምትኖር ጃማይካዊት የአባቷን ምላስ አስገባችበት፤ አባትየው ሲጫወቱ ጎረቤት ግድግዳ እንደሚደበድብ ጻፈችልኝ። የነሱ ፊደል አንድ አንድ ባይት ብቻ ስለሚይዝ ከኛ ሦስት እጥፍ ይተርባሉ። ቀናሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ጋሽ ሙሉጌታ ደወሉ።

«ሰብለ! አሸነፍኩት!»

«እሰይ ጋሽዬ! እሰይ!»

«እሰይ አትበይ። ጥሎኝ ሄደ!»

«ማን?»

«ይኼ ዕቃሽ ነዋ! ንጉሡን ጥግ አስይዤ ገደልኩበት፤ ወዲያው ስክሪኑ ጠፋ። አንዲት ቃል ሳይተነፍስ! ሲያሸንፍ ምላሱ ከዚህ እስከዚያ፤ ሲሸነፍ ድራሹ ይጠፋል። የተሸነፈ ሰው ምክንያት አይሰጥም እንዴ? እንዲህ ጥሎ የሚሄድ ከሆነ ማሸነፌ ምን አደረገልኝ?»

እውነትም ለሽንፈቱ ቃል አላስቀመጥኩለትም ነበር። ቺፑ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ከዚያ ላይ አንዲት ፊደል የምትገባበት ክፍተት የለም። የቀረኝ ሰፊ ነገር ካስሊንግ ነው፤ ንጉሡ ማማ ከሚመስለው ሩክ ጋር ተላልፎ ጥግ የሚሸሸግበት ሕግ። እሱን ማውጣት ደግሞ ከቼዝ ሕግ ጋር መጣላት ነው። ስልኩን ሳልዘጋ ጠየቅኳቸው።

«ጋሽዬ፣ ንጉሥዎን ሩኩ ጀርባ ደብቀው ያውቃሉ?»

«ለምን እደብቀዋለሁ? ምን ሠርቶ?»

ካስሊንግ ወጣ። በቦታው «ዛሬ አሞኝ ነው እንጂ አያሸንፉኝም ነበር» ገባ፤ ልክክ አለ። ኢንተርኔቱ ተንጫጫ። ካስሊንግ የሌለው ቼዝ ቼዝ አይደለም፣ አሳፋሪ ነው፣ ሴትዮዋ አብዳለች ተባለ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

ዳግም ለማሸነፍ ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው፤ ዕቃው ደካማ ቢሆንም እሳቸውም አርጅተዋል። ትናንት ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጠራ። ሰላምታ የለም። «አሞኛል ይላል! ሰማሽ? አሞኛል ይላል፣ ውሸታም!» እያሉ ይጮሃሉ። ከዚያ ስልኩን ሳይዘጉ ወደ ዕቃው ዞሩና «ና፣ ተነስ፣ እንድገም፤ በሽታህን አየዋለሁ» ሲሉት ሰማሁ። እኔን ረስተውኛል። እኔም ሳልዘጋ ጨዋታውን አዳመጥኩ።

ለወጣት የሙያ ባልደረቦቼ የምለው ይኼን ብቻ ነው። ከማሳጠራችሁ በፊት ዕቃው ፊት የሚቀመጠውን ሰው ጠይቁ። ሌላው ይንጫጫ።